በደብዛዛ ብርሃን የሚኖሩ ኮራሎችን እንዴት እንያዝ?

ኮራል ያለበት አኳሪየም ሲባል ትዝ የሚለን ዓይን የሚወጋ ሰማያዊ መብራት ነው። እውነትም በቤት የሚያዙት አብዛኞቹ ኮራሎች ሰውነታቸው ውስጥ ጥቃቅን አልጌ ያኖራሉ። አልጌው በብርሃን ምግብ ይሠራል፣ ኮራሉም ይካፈለዋል። ይህ አልጌ የሌላቸው ኮራሎችና አኔሞኖች (አበባ የሚመስሉ የኮራል ዘመዶች) ግን አሉ። በዋሻ ውስጥ፣ በቋጥኝ ሥርና በጥልቅ ውሃ ይኖራሉ። ወራጁ ውሃ የሚያመጣላቸውን ፕላንክተን፣ ማለትም በውሃ ውስጥ የሚንሳፈፉ ጥቃቅን ሕያዋን፣ ለቅመው ያድራሉ።

«መብራት ካልፈለጉማ ቀላል ናቸው» እንዳትሉ። ከመብራቱ የተረፈውን ገንዘብም ጊዜም ምግብና ጽዳት ይበሉታል።

መጀመሪያ እንስሳውን ምረጡ፤ ገንዳው በእሱ ልክ ነው የሚሰናዳው። ለጀማሪ ቱባስትሪያ ይሻላል። በተለምዶ የፀሐይ ኮራል ይሉታል፤ ከፀሐይ ጋር ግን ጉዳይ የለውም። ፖሊፖቹ፣ ማለትም አንድ አንድ አፍ ያላቸው አካላቱ፣ ትልልቅ ስለሆኑ ምግብ ማጉረስ ይቻላል። ዴንድሮኔፍቲያ የሚባለውን ለስላሳ ኮራል ግን እባካችሁ እለፉት። ሮዝና ቀይ ቀለሙ ልብ ይሰርቃል፣ አውቃለሁ። እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣ የቀይ ባሕር ጥናት በዋነኛነት የሚመገበው ፋይቶፕላንክተን፣ ማለትም በውሃ የሚንሳፈፍ ጥቃቅን አልጌ፣ መሆኑን አሳይቷል። ያንን ሌት ተቀን ሳያቋርጡ ማቅረብ በቤት ገንዳ ጭንቅ ነው። ብዙውን ጊዜ በጥቂት ወራት ውስጥ በረሃብ ያልቃል።

አኔሞን ካማራችሁ ቱቦ አኔሞን አለ። ከራሱ ዝልግልግ ፈሳሽ ቱቦ ሠርቶ አሸዋ ውስጥ ይቀበራል፤ ስለዚህ ቢያንስ 15 ሴንቲሜትር ጥልቀት ያለው አሸዋ ስጡት። ንድፊያው ኃይለኛ ነው። ጎረቤቱን ኮራል ያቆስላል፣ ትንሽ ዓሣም ካገኘ ይውጣል። ብቻውን ቢኖር ይመረጣል።

ገንዳው ከ100 ሊትር ባያንስ ጥሩ ነው፤ ብዙ ውሃ ስህተትን ይችላል። በደንብ የተጣራ ውሃ ላይ የባሕር ጨው በጥብጡ፣ ጨዋማነቱን በሃይድሮሜትር (የጨው መለኪያ) ንባብ 1.025 አካባቢ፣ ሙቀቱን ከ24 እስከ 26 ዲግሪ አድርጉ። ኮራሉ የሚቀመጥበትን ድንጋይ ካስገባችሁ በኋላ አሞኒያና ናይትራይት የሚባሉት መርዛማ ነገሮች በውሃ መመርመሪያ ዜሮ እስኪሆኑ ጠብቁ። አብዛኛውን ጊዜ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃል። የሚቸኩል ሰው እዚህ ላይ ነው የሚከስረው። ውሃውን የሚያንቀሳቅሱ ሁለት ፓምፖች በተለያየ አቅጣጫ ትከሉ፣ ኮራሉን ግን ፊት ለፊት አይምቱት። መብራቱ ለእናንተ ዓይን ነው፤ ደብዛዛ ኤልኢዲ ለጥቂት ሰዓት ይበቃል። ከዚያ ካበዛችሁት አረንጓዴ አልጌ ኮራሉ ላይ ይወጣበታል።

አሁን ዋናው ሥራ፣ ማብላት። አዲስ የመጣ የፀሐይ ኮራል ጭብጥ ብሎ ይዘጋል፣ ለቀናት የሞተ ሊመስል ይችላል። ማታ መብራት አጥፉ። ማይሲስ የሚባለውን በረዶ የሆነ ጥቃቅን ሽሪምፕ አቅልጡና ውሃውን ብቻ ጥቂት ጠብታ አጠገቡ ልቀቁ። ሽታው ይቀሰቅሰዋል። 20 ደቂቃ ያህል ታገሡ። ክንዶቹ ብቅ ብቅ ሲሉ ፓምፑን አጥፉና በረጅም ጠብታ ማንሻ ለእያንዳንዱ ፖሊፕ አንድ ወይም ሁለት ማይሲስ ስጡ። አንዱ ስለጠገበ ሌላው ጠገበ ብላችሁ አትለፉ፤ የተረሳው ፖሊፕ እየሟሸሸ አጥንቱ ይታያል። በሳምንት ሦስት አራት ጊዜ፣ በተመሳሳይ ሰዓት አድርጉት። ሰዓቱን ለምዶ ራሱ ተከፍቶ ይጠብቃችኋል።

ሽሪምፕና ሸርጣን ካሉ ግን ከአፉ ነጥቀው ይበላሉ። መላ አለው። የፕላስቲክ ጠርሙስ ከወገቡ ቆርጣችሁ የላይኛውን ግማሽ ኮራሉ ላይ ድፉት፣ ምግቡን በአንገቱ በኩል ጨምሩ። ግማሽ ሰዓት ቆይታችሁ አንሱት። ርካሽ ናት፣ ግን ከብዙ ውድ መሣሪያ ትበልጣለች።

ከአንድ ሰዓት በኋላ የተረፈውን ምግብ በቀጭን ቱቦ ምጠጡ። በአረፋ ቆሻሻ የሚያወጣውን ስኪመር ከገንዳችሁ መጠን ከፍ ያለውን ግዙ። በየሳምንቱ ከ15 እስከ 20 በመቶ ውሃ ቀይሩ። ዓሣ ቢታመም መዳብ ያለበት መድኃኒት እዚህ ገንዳ ውስጥ እንዳይገባ፤ ኮራሉን ይገድላል።

የፀሐይ ኮራል ከተመቸው ይራባል። በካሪቢያንና በብራዚል ባሕር ዳርቻዎች ከሌላ ቦታ መጥቶ ወራሪ እስከመሆን ደርሷል፤ የሰለቻችሁን ኮራል ወደ ባሕር መጣል አይታሰብም። አንድ ቀን መስታወቱ ጥግ ላይ የምስማር ራስ የምታክል ብርቱካናማ ነጥብ ካያችሁ ግን ቆሻሻ መስሏችሁ እንዳትፍቋት። ልጁ ናት፣ ማታ እሷንም አጉርሱ።