ልብ ሲፈጥን መለጠጡ ምን ይሆናል? ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ለነርስ ተማሪዎች ፊዚዮሎጂ አስተምራለሁ። ልብ በደም ሲሞላ ጡንቻው ይለጠጣል፤ ሲለጠጥ ደግሞ አጥብቆ ይጨመቃል። ይህን ሁሉም ያውቀዋል። «ምቱ ሲፈጥንስ?» ስል ነው ክፍሉ ዝም የሚለው።

የመጀመሪያው ስህተት ልብን እንደ ላስቲክ ማሰብ ነው። ላስቲክ የሳባችሁትን ያህል ይመልሳል፣ በቃ። የልብ ጡንቻ ግን ሲለጠጥ፣ እንዲጨመቅ የሚቀሰቅሰው ካልሲየም በቀላሉ ይሰማዋል፤ በዚያው ካልሲየም የበለጠ ጉልበት ያወጣል። የፊዚዮሎጂ ተመራማሪዎቹ ኦቶ ፍራንክ በእንቁራሪት ልብ፣ ኧርነስት ስታርሊንግ ደግሞ በውሻ ልብ ያሳዩት፣ ልብ ሲለጠጥ ጉልበቱ እንደሚጨምር ነው።

ሁለተኛው፣ «ምት ከፈጠነ የሚረጨው ደም ይበዛል» ማለት። አንጥረኛ ወናፍ ሲነፋ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ቆዳው አየር ስቦ እስኪሞላ ካልጠበቀ፣ እጁ ቢጣደፍም ፍሙ አይቀላም። ልብም እንዲሁ ነው። በደቂቃ 75 ጊዜ ሲመታ አንዱ ዙር 0.8 ሰከንድ ይፈጃል፤ 0.3ቱ ለመጨመቅ፣ 0.5ቱ ለመሙላት። ምቱ 150 ሲደርስ ሙሉው ዙር 0.4 ሰከንድ ብቻ ነው። የመጨመቂያው ጊዜ ጥቂት ያጥራል፤ በብዛት የሚቀነሰው ከመሙያው ነው። ያልሞላ ልብ አይለጠጥም፤ ያልተለጠጠ ደግሞ ጉልበቱ ያንሳል።

ታዲያ ይህን የተረዳ ተማሪ ወዲያው ወደ ሦስተኛው ስህተት ይገባል፦ ፍጥነት ሁሌም ይጎዳል ብሎ ይደመድማል። ከዓባይ በረሃ ወደ ደጀን በእግሩ ዳገቱን የሚወጣን ሰው አስቡት። የእግሩ ጡንቻ ደሙን እየጨመቀ ወደ ልቡ ይመልሳል። ነርቮቹ ልቡን ሲያፈጥኑ ቶሎ እንዲጨመቅ ብቻ ሳይሆን ቶሎ እንዲላላም ያደርጋሉ፤ ስለዚህ በአጭር ጊዜም ይሞላል። በዚያ ላይ ተመራማሪው ቦውዲች በ1871 እ.ኤ.አ. እንዳሳየው፣ ምት ሲፈጥን የጤነኛ ጡንቻ ጉልበት ራሱ ደረጃ በደረጃ ይጨምራል፤ በሴሉ ውስጥ ካልሲየም ይጠራቀማልና። ዳገት ላይ 150 የሚመታ ልብና ቁጭ ብሎ 150 የሚመታ ልብ ቁጥራቸው እንጂ ነገራቸው አንድ አይደለም። የደከመ ልብ ግን ይህ ጭማሪ አያገኝም፤ ሲፈጥን ጉልበቱ ባለበት ይቆማል፣ ወይም ይቀንሳል።

እኔን በጣም የሚያሳዝነኝ የመጨረሻው ነው። በልጅነት ከቶንሲል በኋላ በሚመጣው የሩማቲክ በሽታ የልብ ቫልቯ፣ ማለትም ደም የሚያልፍበት በር፣ የጠበበባት አንዲት እናት፣ ምት የሚያበርደውን ኪኒን «ልጄ፣ ልቤን አደከመብኝ ብዬ ተውኩት» አለችኝ። ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። በጠባቡ በር ደም ለማለፍ ጊዜ ይፈልጋል፤ ጊዜ ሲያጣ ወደ ሳንባ ይመለሳል። ኪኒኑ የሚሰጣት ያንን ጊዜ ነበር። እንዲህ ያለ መድኃኒት ሐኪም ሳያማክሩ አይቆምም።

ተማሪዬ ትርታዋን ለ15 ሰከንድ ቆጥሮ በአራት አባዛው። የእሷ ምት ግን የተዛባ ነበር፤ የተዛባ ምት ደግሞ እንዲህ አይቆጠርም። ሙሉ ደቂቃ አስቆጠርኩት፤ እሱ በእጇ አንጓ 96 አገኘ፣ እኔ በማዳመጫ ደረቷ ላይ 128። «ሌሎቹ 32 የት ገቡ?» አለኝ። መጥተዋል። ልቧ ሳይሞላ ስለመቱ ግን እጇ ድረስ የሚደርስ ደም አልነበራቸውም።