«ዳይት» የሚለውን ቃል አስከብቡ

የእንግሊዝኛ መምህራን፣ ስለ ጤናና ሰውነት ቅርጽ የሚያወራ ምንባብ ስታስነብቡ ተማሪው «ባላንስድ ዳይት»ን ክብደት መቀነስ ብሎ ቢረዳው አትፍረዱበት። በእኛ አፍ ዳይት ማለት መቀነስ ብቻ ሆኗል፤ በእንግሊዝኛ ግን የዘወትር አመጋገብም ነው። ይህ ሳይጠራ ከተነበበ «ጤናማ ዳይት ይኑርህ» የሚለው ምክር «ምግብ ተው» ሆኖ ይገባቸዋል፤ ጉዳቱ ያለው እዚህ ላይ ነው።

ጥያቄዎቹን ከመሥራታቸው በፊት ቃሉን ባገኙበት ሁሉ በእርሳስ ያክብቡት፣ በላዩም «አ» (አመጋገብ) ወይም «ቅ» (ቅነሳ) ይጻፉ። 5 ደቂቃ ይበቃል። ፍንጩ ጎረቤቱ ቃል ነው። «ኦን ኤ ዳይት» ብሎ ካቆመ፣ ወይም «ዳይቲንግ» ከሆነ ቅነሳ ነው። «ሄልዚ» (ጤናማ) ወይም «ፑር» (ደካማ) ከቀደመው አመጋገብ። ጎበዞቹን ጭምር የሚያሳስተው «ኦን ኤ ዳይት ኦፍ» ነው፤ «ኦፍ» ሲከተል ተመልሶ የሚበላው ነገር ይሆናል። ለሰሌዳ ምሳሌ ሩቅ አትሂዱ፤ ለመንዝ ገበሬ ገብስና ባቄላ «ዳይቱ» ነው፣ የሚቀንሰው ነገር የለም።

የጾም ጉዳይ ይነሳል፣ መነሳቱ አይቀርም። «ፋስቲንግ» ብላችሁ ለብቻው ጻፉትና እለፉ።

ምንባቡ የቢኤምአይ (ክብደትን ከቁመት ጋር የሚያነጻጽር ልኬት) ሠንጠረዥ ካለው ግን በተማሪዎቹ ላይ አታስሉ። ከ18.5 እስከ 24.9 የሚለው የአዋቂ ልክ ነው፤ የታዳጊ የሚነበበው ከዕድሜና ከጾታ ጋር ተገናዝቦ ነው። ሚዛንማ ክፍል ውስጥ ጭራሽ አይግባ።