ምስጥ የማይደርስበት የርብራብ አጥር

የመጀመሪያውን አጥሬን ምስጥ ጨረሰው። ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር ነው የምኖረው። የባህር ዛፍ ቋሚ አፈር ውስጥ ቀብሬ፣ ጣውላውን መሬት አስነክቼ መትቼው ነበር። በዓመቱ የጎረቤት ፍየል ስትታከከው ሙሉው ተዘረረ። ፓፓያዬም በዚያው አለቀ።

ሁለተኛውን እንዲህ ሠራሁት። ርዝመቱ 6 ሜትር፣ ቁመቱ አንድ ሜትር ተኩል ነው።

ቋሚው ብረት ይሁን፤ አራት ማዕዘን ቱቦ፣ 5 በ5 ሳንቲም። በየ2 ሜትሩ አንድ፣ በድምሩ አራት። 2 ሜትር ከ10 አድርጋችሁ አስቆርጡና 60 ሳንቲሙን ቅበሩት። አናቱን በብየዳ አስደፍኑ፤ አለበለዚያ ዝናብ ገብቶ ከውስጥ ያዝገዋል። አንቲረስት (የዝገት መከላከያ ቀለም) ሳይቀባ አይቀበርም።

መጀመሪያ የዳርና የዳሩን አቁሙ። በመካከላቸው ሲባጎ ወጥሩና የቀሩትን በእሱ አስተካክሉ። ውሃ ልኩን በሁለት ጎን እያስጠጋችሁ እዩ። ሙሌቱ አንድ ሲሚንቶ፣ ሁለት አሸዋ፣ አራት ጠጠር ነው። አቦ፣ በድሬ ፀሐይ በቀትር እንዳትሞሉ! ኮንክሪቱ ሳይጠነክር ይደርቅና ይሰነጠቃል። በማለዳ ሙሉና እርጥብ ጆንያ አልብሳችሁ ሳምንቱን ውሃ አጠጡት። ሠራተኛም የሚገኘው በማለዳ ነው። ከምሳ በኋላ በርጫ ላይ፣ ጫት ሊቅም የተቀመጠ ሰው እንኳን ኮንክሪት ሊያቦካ ስልክም አያነሳ።

ሁለት አግዳሚ እንጨት ከቋሚዎቹ ጋር በቡሎን እሰሩ፤ አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከታች።

አሁን ርብራቡ። ጽድ ካገኛችሁና ኪስ ከፈቀደ እሱን ግዙ፤ ምስጥ ብዙም አይደፍረውም። እርጥብ ጣውላ ግን በቅናሽም አትግዙ፤ ሲደርቅ ይጣመማል። ጣውላዬ 8 ሳንቲም ስፋት አለው፣ ክፍተቱ 2 ሳንቲም። 60 ጣውላ ልክ ገባ። ክፍተቱን በሜትር አልለካሁም። 2 ሳንቲም ውፍረት ያላት ቁራጭ እንጨት አናት ላይ ምስማር መታሁና አግዳሚው ላይ አንጠለጠልኳት። ጣውላውን ከእሷ ጋር አስጠግቼ እመታለሁ፣ አወጣታለሁ፣ ወደ ቀጣዩ እሻገራለሁ። ደረቅ እንጨት በምስማር ስለሚሰነጠቅ አስቀድማችሁ በድሪል ብሱት።

ክፍተቱን ለማጥበብ አትጓጉ። ነፋስ ካላለፈ ግቢው ምጣድ ይሆናል።

ከታች ከመሬት 5 ሳንቲም ክፍት ተዉ። ጎርፍም ማለፊያ ይፈልጋል። የደቻቱ ወንዝ በ1998 ክረምት ሞልቶ ያደረገውን ያየ የድሬ ሰው በውሃ መንገድ ላይ ጣውላ አይገትርም።

የተቃጠለ ዘይት ቀቡት የሚሏችሁ ይኖራሉ። እኔ አልወደውም፤ ልብስ ያበላሻል፣ በላዩም ቀለም አይዝም። የእንጨት ቫርኒሽ ሁለት ጊዜ፣ አመሻሽ ላይ።

በየወሩ ጎንበስ ብላችሁ የቋሚዎቹን እግር እዩ። ምስጥ ብረቱን ባይበላውም የጭቃ መንገድ እየሠራ በላዩ ይወጣል። ባለፈው አንድ አገኘሁ፣ እርሳስ የሚያክል። በቢላ ስፍቀው ውስጡ ገና እርጥብ ነበር።