ለባሕር ዳር ጓሮ የሚሆን በርበሬ እንዴት ይመረጣል?

ሰው የበርበሬ ዘር ሲፈልግ አፉ ላይ የሚመጣው "ያቃጥላል?" ነው። ለወጥ ሠሪ ደህና ጥያቄ ነው። ለሚተክል ሰው ግን ከዚያ የሚቀድም አለ።

1. አረንጓዴ ነው ወይስ ደረቅ?

ለቃሪያ ከሆነ ሥጋው ወፈር ያለና ማቃጠሉ ልከኛ የሆነውን ፈልጉ። ስንግ ለመሥራት ሆዱ ሰፋ ቢል ደግሞ እሰየው። ለዛላ ግን ወፍራም ሥጋ ጣጣ ነው፤ ቶሎ ስለማይደርቅ ይሻግታል። ለእሱ ሳሳ ያለ፣ ሲበስል ጠቆር ወዳለ ቀይ የሚሄድ ይሻላል። ማረቆ ፋና የሚባለው ዝርያ ስም ያወጣው በዚህ ቀለሙና በማቃጠሉ ነው። ባኮ ሎካልም የቆየ ዝርያ ነው። ከመልካሳ ምርምር ማዕከል የወጡ መልካ ዛላና መልካ አዋዜ የሚባሉም አሉ። ቦታ የሌለው ሰው ደግሞ ሚጥሚጣ ይትከል። በባልዲም ይሆናል፤ ከተንከባከቡት ከዓመት በላይ ይቆያል።

2. ዛላውን ሰንጥቁት

አንድ እሸት ቃሪያ በቁመቱ ክፈሉ። ፍሬዎቹ የተጣበቁበት ነጣ ያለ ጅማት ይታያችኋል። የሚያቃጥለው ነገር በዋናነት የሚሠራው እዚያ ነው፤ ፍሬው የሚያቃጥለው ከጅማቱ ስለተቀባ ነው። መጀመሪያ ጫፉን ቅመሱ፣ ቀጥሎ ጅማቱን። ልዩነቱን ምላሳችሁ ራሱ ይነግራችኋል። ያው ተክል ውሃ ሲጠማው ይበልጥ ሊያቃጥል ስለሚችል በአንድ ዛላ ብቻ አትፍረዱ። ከቀመሳችሁ በኋላ ደግሞ ዓይናችሁን እንዳትነኩ!

3. አበባውን እዩ

የበርበሬና የቃሪያ አበባ ነጭ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከአንድ አንጓ አንድ ብቻ ይወጣል፣ ዛላውም በአብዛኛው ቁልቁል ይንጠለጠላል። የሚጥሚጣ አበባ ወደ አረንጓዴ ያደላል፤ ፍሬዋም ትንሽ ሆና ሽቅብ ትቆማለች። ሽቅብ የቆመ ሁሉ ግን ሚጥሚጣ አይደለም፤ አበባውንም አብራችሁ ተመልከቱ።

4. መሬቱን አስቡ

ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ሙቀቱ ለበርበሬ ይስማማዋል። ችግሩ ክረምቱ ነው። በሐይቁ ዳርና በፎገራ በኩል ያለው ጥቁር አፈር ውሃ ያቁራል። ለሩዝ ጥሩ ነው፤ በርበሬ ግን ሥሩ ይበሰብስና አረንጓዴ ቅጠሉን እንደያዘ ጠውልጎ ይቀራል። እንዲህ ያለ መሬት ላይ ከፍ ያለ መደብ ሥሩ፣ ውሃ መውረጃም አውጡለት። ቲማቲም ወይም ድንች ከተነሣበት መሬት ላይ በርበሬ አስከትላችሁ አትትከሉ፤ በሽታ ይጋራሉ።

ለክረምት ከሆነ ችግኙን ሚያዝያ አካባቢ አፍሉ። ከ15 እስከ 20 ሳንቲሜትር ሲደርስ ዝናቡ ሲይዝ አዛውሩት። በመስመር መካከል 70፣ በተክል መካከል 30 ሳንቲሜትር ይበቃል። መስኖ ያለው፣ ለምሳሌ በቆጋ በኩል ያለ፣ በበጋ ማልማት ይችላል። ለቃሪያ እኔ በጋውን እመርጣለሁ፤ ዝናብ የሚያመጣው በሽታ ይቀንሳል።

5. ዘሩን ፈትኑ

ቅዳሜ ገበያ የተገዛ ዛላ አራግፎ መዝራት ይቀናል፤ እኔ ግን አልመክረውም። ንብ ከዚህም ከዚያም ስለምታዳቅለው ምን እንደሚበቅል አታውቁም። ዝርያው የታወቀ ዘር ግዙ፤ የት እንደሚገኝ የቀበሌውን የግብርና ባለሙያ ጠይቁ። አዴት ያለው የምርምር ማዕከልም ሩቅ አይደለም።

ከመዝራት በፊት 20 ፍሬ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ሞቅ ያለ ቦታ አስቀምጡ። በሁለት ሳምንት ውስጥ 16 እና ከዚያ በላይ ከበቀለ ደህና ነው። ከግማሽ በታች ከሆነ ሌላ ዘር ፈልጉ።

የራሳችሁን ዘር የምታስቀሩ ከሆነ ከተለቀመው ክምር ላይ ትልቁን ዛላ አትምረጡ። ተክሉ ማሳ ላይ እያለ ጤነኛውን፣ ብዙ የያዘውን፣ ቅጠሉ ያልተጨማደደውን ለዩና ግንዱ ላይ ቀይ ክር እሰሩበት። ዛላው ተክሉ ላይ እያለ ሙሉ በሙሉ ሲቀላ ልቀሙ፤ ፍሬውንም አራግፋችሁ ጥላ ሥር አድርቁት።