አሮጌው ኮምፒውተር አልነሳ ሲል፦ ከባትሪው እስከ ባዮስ ቺፑ

አሮጌ ዴስክቶፕ እምቢ ሲል መጀመሪያ የሚጠረጠረው ማዘርቦርዱ (ሌሎቹ ክፍሎች ሁሉ የሚሰኩበት ዋናው ሰሌዳ) ነው። ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ የሱ አይደለም። የደከመ ባትሪ፣ ቦታውን የለቀቀ ራም (ጊዜያዊ ማህደረ ትውስታ) ወይም ያረጀ ፓወር ሰፕላይ (ኤሌክትሪክ የሚያከፋፍለው ሳጥን) የማዘርቦርድ ብልሽት መስሎ ይታያል። ስለዚህ ከቀላሉና ብዙ ከማያስወጣው እንጀምር። ባዮስን (ኮምፒውተሩ ሲበራ ቀድሞ የሚሠራውን፣ ቦርዱ ላይ ባለ ቺፕ የተቀመጠ ፕሮግራም) ማዘመንን መጨረሻ ላይ ያስቀመጥኩት ሆን ብዬ ነው።

ምልክቱን ለዩ

ቁልፉን ስትጫኑ ፋን እንኳ ካልዞረ ጉዳዩ የኤሌክትሪክ ነው። ፋኑ ዞሮ ስክሪኑ ጥቁር ከሆነ ራሙን፣ ግራፊክስ ካርዱን ወይም ፕሮሰሰሩን ጠርጥሩ። የአምራቹ አርማ ወጥቶ ከዚያ በኋላ ከቆመ ደግሞ ማዘርቦርዱ በአብዛኛው ደህና ነው፤ የሚታየው የባዮስ ሴቲንግ ወይም ዲስኩ ነው።

ኬዙን ከመክፈታችሁ በፊት ሶኬቱን ንቀሉና የማብሪያውን ቁልፍ ለጥቂት ሰከንድ ተጭናችሁ ቆዩ። ያልተቀባ የኬዙን ብረት ንኩ። ፓወር ሰፕላዩን ራሱን ግን አትክፈቱት፤ ከተነቀለ በኋላም ውስጡ አደገኛ ቮልቴጅ ሊቆይ ይችላል።

ባትሪው

ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው፣ ሰዓቱንና የባዮስ ሴቲንጉን የምትጠብቀው ሳንቲም የምታክል ክብ ባትሪ በብዙዎቹ ዴስክቶፖች ላይ ሲአር 2032 ናት፣ 3 ቮልት። ስትደክም ሰዓቱና ቀኑ ወደ ኋላ ይመለሳሉ፣ ሲበራ ኤፍ 1 ተጫኑ የሚል መልዕክት ይመጣል፣ ብሮውዘሩም ድረ ገጾችን አላምንም ይላል፤ የደህንነት ሰርተፍኬቶች የሚረጋገጡት በቀን ስለሆነ። ኮምፒውተሩ ሶኬት ላይ እንደተሰካ ሲውል ሰዓቱ ከፓወር ሰፕላዩ ስለሚመገብ የባትሪው ድካም ይደበቃል። ሶኬቱ ተነቅሎ ያደረ ቀን ነው ጉዱ የሚወጣው። በቴስተር ስትለኩት ከ2.8 ቮልት በታች ካሳየ ለውጡት።

መለወጡ ቀላል ነው፤ ጣጣው ከተለወጠ በኋላ ነው። ባትሪው ሲወጣ ባዮሱ ወደ ፋብሪካ ሴቲንጉ ይመለሳል። በብዙ አሮጌ ማዘርቦርዶች ላይ ደግሞ የሃርድ ዲስኩ የሳታ ሞድ (ቦርዱ ከዲስኩ ጋር የሚነጋገርበት ዘዴ) የፋብሪካ ምርጫ አሮጌው ዘዴ፣ አይዲኢ ነው። ዊንዶውሱ የተጫነው በአዲሱ ዘዴ በኤኤችሲአይ ከነበረ ገና መነሳት ሲጀምር ሰማያዊ ስክሪን ይመጣል፤ በብዛት የሚታየው ኮድ በ7ቢ የሚያልቀው ነው። ሰዉ እዚህ ጋ ነው ዲስኩ ተበላሸ ብሎ ፎርማት የሚያደርገው፤ ደህና የነበረ ፋይል በከንቱ ይጠፋል።

መፍትሄው የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ሲበራ ዴል (ዲሊት) ወይም ኤፍ 2 የሚለውን ቁልፍ እየነካካችሁ ባዮስ ውስጥ ግቡ፣ የሳታ ሞዱን ፈልጉ (በአንዳንዱ ስቶሬጅ ኮንፊገሬሽን፣ በአንዳንዱ ኢንተግሬትድ ፔሪፈራልስ ሥር ነው)፣ ከአይዲኢ ወደ ኤኤችሲአይ ቀይሩና ሴቭ አድርጋችሁ ውጡ። ካልሆነ መልሱት። በነዚህ ሁለቱ መካከል መቀያየር ዲስኩ ላይ ያለውን ነገር አይነካም። ሬይድ (ብዙ ዲስኮችን እንደ አንድ ማሠራት) የተሠራበት ማሽን ከሆነ ግን አዲስ ሬይድ ፍጠር የሚለው ዝርዝር አጠገብ አትድረሱ። ዩኢኤፍአይ (ባዮስን የተካው አዲሱ ዓይነት) ባላቸው ቦርዶች ላይ ሌላም ነገር አለ፦ ዲስኩ ኤምቢአር (አሮጌው የዲስክ አከፋፈል) ሆኖ ቡት ሞዱ (የመነሻ ዘዴው) ወደ ዩኢኤፍአይ ብቻ ከተመለሰ፣ ወይም ዲስኩ ጂፒቲ (አዲሱ አከፋፈል) ሆኖ ወደ ሌጋሲ (አሮጌው የባዮስ ዘዴ) ከሄደ፣ ዊንዶውሱ አይገኝም።

ለዚህ ሁሉ ፍቱኑ ነገር ባትሪውን ከመንካት በፊት የባዮሱን ገጾች አንድ በአንድ በስልክ ፎቶ ማንሳት ነው። ከየትኛውም የጥገና ሶፍትዌር ይበልጣል ብዬ አምናለሁ።

ሲሞስ ማጽዳት

ሲሞስ የባዮስ ሴቲንጉ የሚቀመጥበት ትንሽ ማህደር ነው። ሴቲንጉ ተበላሽቶ ስክሪኑ ጥቁር ከሆነ፣ ብዙውን ጊዜ ከባትሪው አጠገብ ክሊር ሲሞስ ወይም ሲኤልአርቲሲ የሚል ባለ ሦስት ፒን ጃምፐር (ሁለት ፒኖችን የሚያገናኝ ትንሽ ክዳን) አለ። ሶኬቱ ተነቅሎ ሳለ ከ1ና 2 ወደ 2ና 3 አዛውሩት፣ አስር ሰከንድ ቆዩ፣ ወደ ቦታው መልሱት። ሳትመልሱ እንዳታበሩ። ማንዋሉን ማየት አይከፋም፤ የፒኖቹ ቁጥር ሁሌ አንድ ዓይነት አይደለም።

ራሙና ድምፁ

ሁሉንም ራም አውጡ፣ ወርቃማውን ጥርስ በንጹህ ላጲስ ቀስ ብላችሁ ፈትጉ፣ ፍርፋሪውን ጥረጉና አንዱን ብቻ ሰክታችሁ ሞክሩ። ከዚያ ስሎት ቀይሩ፣ ራም ቀይሩ።

ከዚያ በፊት ግን አንድ ሙከራ አለ። ማዘርቦርዱ ላይ ትንሿ የውስጥ ስፒከር መኖሯን አረጋግጡና ያለ ምንም ራም አብሩት። በተደጋጋሚ ከጮኸ ደስ ይበላችሁ፤ ፕሮሰሰሩም ባዮስ ቺፑም ሥራቸውን እየሠሩ ነው ማለት ነው፣ ራም የለኝም እያለ ነው። ዝም ካለ ጥርጣሬው ወደ ፓወር ሰፕላዩ፣ ፕሮሰሰሩ ወይም ቦርዱ ይዞራል። የጩኸቱ ትርጉም እንደ ባዮሱ አምራች ይለያያል፤ ለምሳሌ በአዋርድ ባዮስ አንድ ረጅምና ሁለት አጭር የግራፊክስ ካርድ ችግር ነው።

ፓወር ሰፕላይ

ወደ ቦርዱ ከሚመጣው ዋናው ባለ 24 ፒን ገመድ ሌላ ከፕሮሰሰሩ አጠገብ የሚሰካ ባለ 4 ወይም ባለ 8 ፒን ገመድ አለ። እሱ ካልተሰካ ፋን እየዞረ ስክሪን አይመጣም። የ12 ቮልቱ መስመር ከ11.4 እስከ 12.6 ውስጥ መሆን አለበት። ፓወር ሰፕላዩን ብቻውን ለማስነሳት የባለ 24 ፒኑን አረንጓዴና ጥቁር ሽቦ አገናኝቶ ፋኑ ዞረ ማለት ግን ብዙም አያስተማምን፤ ጭነት ሲመጣ የሚወድቅ ሞልቷል። ደህና መሆኑ በሚታወቅ ሌላ ፓወር ሰፕላይ መሞከር ይሻላል።

ቦርዱን ራሱን ማየት

በባትሪ መብራት ካፓሲተሮቹን (ቦርዱ ላይ የቆሙትን ትናንሽ ሲሊንደሮች) ተመልከቱ። ጭንቅላታቸው ዝርግ መሆን አለበት፤ ካበጠ ወይም ቡናማ ነገር ካንጠባጠበ አልቆላቸዋል። በ2000ዎቹ መጀመሪያ የተሠሩ ቦርዶች በዚህ በሽታ ይታወቃሉ። መተካት ይቻላል፦ ማይክሮፋራዱ (የመያዝ አቅሙ) እኩል፣ ቮልቴጁ እኩል ወይም ከፍ ያለ፣ ፖላሪቲው (የፖዘቲቭና ኔጋቲቭ እግሩ አቀማመጥ) ሳይገለበጥ። ግን የማዘርቦርድ መዳብ ሙቀቱን ስለሚጠጣው ብየዳው ለጀማሪ አይመከርም።

ምንም ካልታየ ቦርዱን ከኬዙ አውጥታችሁ ደረቅ ካርቶን ላይ አስቀምጡ፦ ፕሮሰሰሩ ከነፋኑ፣ አንድ ራም፣ ስክሪን ብቻ። የማብሪያ ፒኖቹን በካቻቪቴ ጫፍ ለቅጽበት አነካኩ። ውጭ ከተነሳ ጥፋቱ ኬዙ ውስጥ ነው፤ ወይ ከቦርዱ ሥር ያለቦታው የገባ ብሎን ያገናኘዋል፣ ወይ የማብሪያው ቁልፍ ሞቷል።

ባዮስ ማዘመን

አዲስ ፕሮሰሰር ለመግጠም ወይም አምራቹ በግልጽ የጻፈውን ችግር ለማስተካከል ካልሆነ አትንኩት። ግድ ከሆነ ቦርዱ ላይ የታተመውን ሞዴልና የሪቪዥን ቁጥር አንብቡ፤ 1.0 እና 2.0 የተለያየ ፋይል ሊፈልጉ ይችላሉ። ከዊንዶውስ ውስጥ ሆናችሁ አትጫኑ። በፋት 32 ፎርማት በተደረገ ፍላሽ ከባዮሱ በራሱ መሣሪያ ጫኑ (አሱስ ኢዚ ፍላሽ፣ ጊጋባይት ኪው ፍላሽ ይሉታል)፣ ዩፒኤስም (መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩን የሚያቆይ ባትሪ) ይኑር።

መሃል ላይ ተቋርጦ ከሞተ አንዳንድ የጊጋባይት ቦርዶች ሁለተኛ ባዮስ ስላላቸው ራሳቸው ይመለሳሉ። ሌላው በአብዛኛው ባለ 8 እግሩን የባዮስ ቺፕ በፕሮግራመር (ቺፕ ላይ የሚጽፍ መሣሪያ፣ በክሊፕ ቺፑን ይይዛል) እንደገና መጻፍ ይጠይቃል። ያኔ የፕሮግራመሩ ቮልቴጅ ከቺፑ ጋር መግጠሙን አረጋግጡ፣ ከመጻፋችሁ በፊትም በቺፑ ላይ ያለውን ሁለት ጊዜ አንብባችሁ ሴቭ አድርጉ። ሁለቱ ፋይሎች ካልተመሳሰሉ ክሊፑ በደንብ አልያዘም፤ እስኪመሳሰሉ ድረስ ምንም አትጻፉ።