ስለ ኮርነርባኮች ስንከራከር ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ቀኑን የማልረሳው ደመራ ስለነበረ ነው። በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 26 ቀን 2020፣ በእኛ መስከረም 16 ቀን 2013፣ ዕለተ ቅዳሜ። የወቅቱ የአሜሪካ ኮሌጅ ፉትቦል ሻምፒዮን የሉዊዚያና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ቡድን፣ ሁሉም እንደሚጠራው ኤል ኤስ ዩ፣ ባተን ሩዥ ላይ በገዛ ሜዳው ሚሲሲፒ ስቴትን አስተናገደ። የእንግዳው ቡድን ኳርተርባክ፣ ማለትም ኳስ ወርዋሪው፣ ኬ ጄ ኮስቴሎ በዚያ ቀን በውርወራዎቹ በድምሩ 623 ያርድ አስገኘ። ሁለቱም ቡድኖች በሚወዳደሩበት ሊግ፣ በኤስ ኢ ሲ ኮንፈረንስ ታሪክ ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ቁጥር ታይቶ አያውቅም። ውጤቱ 44 ለ 34፣ ተሸናፊው ሻምፒዮኑ።

የምኖረው ሂዩስተን ነው፤ ከሥራ ጓደኞቼ ብዙዎቹ የሉዊዚያና ልጆች ናቸው። ያን ሰመር ሙሉ ስለ ኤል ኤስ ዩ ኮርነርባኮች ስንከራከር ከረምን። የክርክሩ ማሰሪያ ሁልጊዜ አንድ ነበር፦ «ዴሪክ ስቲንግሊ እያለ ማን ይደፍራል?» ስቲንግሊ ከጨዋታው አንድ ቀን በፊት ድንገት ታመመና ሳይሰለፍ ቀረ። ያን ሁሉ ጊዜ ስናወራ «እሱ ባይኖርስ?» ያለ አንድ ሰው አልነበረም፤ እኔም አላልኩም። ከዚያ ወዲህ፣ ውድድሩ ሊጀመር ሲል ይህ ክርክር በተነሳ ቁጥር የት የት ላይ እንደምንስት ልብ ማለት ጀመርኩ።

ለጨዋታው አዲስ ለሆነ ሰው፦ ኮርነርባክ በእግር ኳስ የመስመር ተከላካይ እንደምንለው ዓይነት ነው፤ ከዳር ቆሞ የተጋጣሚውን ኳስ ተቀባይ ይጠብቃል። ችግሩ ተቀባዩ ወዴት እንደሚሮጥ አስቀድሞ ያውቃል፣ እሱ አያውቅም። ተቀባዩ ወደፊት ሲሮጥ እሱ ወደኋላ እየሄደ ይጀምራል፤ ሲሳሳት ደግሞ ስታዲየሙ ሁሉ ያየዋል። ስለዚህ የሚያደርገውን በደንብ ሳናውቅ መፍረድ በጣም ይቀለናል።

በኢንተርሴፕሽን (በጠለፋ) ብዛት መፍረድ

ከሁሉም በላይ የተለመደው ስህተት ይህ ነው፤ ለእኔም ለመተው የከበደኝ እሱ ነው። ስቲንግሊ በ2019 ገና አንደኛ ዓመት ተማሪ ሳለ 6 ኳስ ጠለፈ፣ ቡድኑም 15 ጨዋታ አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ። በቀጣዮቹ ሁለት ዓመታት አንድም አልጠለፈም። ቁጥሩን ብቻ ያየ ሰው «ልጁ ወረደ» ይላል። እውነት ነው፣ ሕመምና ጉዳት አሰቃይተውታል፤ በሁለቱ ዓመታት የተሰለፈው በ10 ጨዋታ ብቻ ነው። ግን ሌላም ነገር አለ። በ2019 ማንም አያውቀውም ነበር፤ በሌላው ዳር ልምድ ያለው ክርስቲያን ፉልተን ስለቆመ ኳርተርባኮቹ አዲሱን ልጅ ይፈትኑት ነበር። ኳስ የሚጠለፈው ኳስ ሲመጣ ነው። ማንነቱ ከታወቀ በኋላ ማን በፈቃዱ ወደ እሱ ይወረውራል?

የአላባማው ፓትሪክ ሰርቴይን ሁለተኛው በ2020 የጠለፈው አንድ ኳስ ብቻ ነበር። በዚያው ዓመት ግን የኤስ ኢ ሲ የዓመቱ ምርጥ ተከላካይ ተብሎ ተመርጧል፤ በ2024 ደግሞ በፕሮፌሽናሉ ሊግ፣ በኤን ኤፍ ኤል፣ ተመሳሳዩን ሽልማት አግኝቷል። የቶሌዶው ኩዊንየን ሚቸልን ደግሞ ከሌላ ጎን እዩት፦ በ2022 አምስት ኳስ ጠለፈ፣ ከአምስቱ አራቱ በአንድ ጨዋታ ብቻ፣ በኖርዘርን ኢሊኖይ ላይ። በቀጣዩ ዓመት አንድ ብቻ። ሚቸል ግን አልወረደም፤ በ2024 የኤን ኤፍ ኤል ቡድኖች ከኮሌጅ ተጫዋች ሲመርጡ በአንደኛው ዙር ነው የተመረጠው።

ስለዚህ ጥያቄው ስንት ጠለፈ ሳይሆን ስንት ጊዜ ተወረወረበት፣ ከተወረወረበት ስንቱ ተያዘ፣ ስንቱን በእጁ አከሸፈ የሚለው ነው። ጓደኛችሁ የጠለፋ ቁጥር ብቻ ይዞ ከመጣ ይህን ጠይቁት። ስሙ ጭራሽ የማይነሳ ኮርነርባክ፣ ብዙ ጊዜ ቡድኑ ካሉት ሁሉ የሚሻለው ነው።

ታችዳውን (የፉትቦሉ ጎል) ሲቆጠር ቅርብ የቆመውን መውቀስ

ተቀባዩ ኳሱን ይዞ ሲያመልጥ ካሜራው የሚያሳየን ከኋላው እየሮጠ ያልደረሰበትን ልጅ ነው። እሱ ግን ባለ ዕዳው ላይሆን ይችላል።

እግር ኳስ የሚያይ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም፤ ሰው በሰው መያዝና በዞን መከላከል የተለያዩ ናቸው። ከቨር ቱ በሚባለው አሰላለፍ ኮርነርባኩ አጠር ያለውን ቦታ ይጠብቃል፤ ተቀባዩ ርቆ ሲሄድ ከኋላ ላለው ተከላካይ፣ ለሴፍቲው፣ አስረክቦት ይቀራል። ሴፍቲው ከዘገየ በቴሌቪዥን ጥፋተኛ የሚመስለው የቀረው ኮርነርባክ ነው። ከቨር ስሪ ሲሆን ደግሞ ሜዳው ከኋላ ለሦስት ይከፈላል፣ የዳሩ ሲሶ የእሱ ነው፤ ከጎኑ ርቆ የተወረወረው ኳስ በእርግጥም የእሱ ዕዳ ነው። ሁለቱ በምስል ሲታዩ አንድ ዓይነት ናቸው። በተለይ የቴሌቪዥኑ ካሜራ ኳሱን እንጂ የኋላውን ሜዳ ስለማያሳይ፣ አሰላለፉ ምን እንደነበር ሳናይ ነው የምንፈርደው።

አሰልጣኙም የዚሁ ታሪክ አካል ነው። ኤል ኤስ ዩ ከዋንጫው በኋላ የመከላከል አስተባባሪው ዴቭ አራንዳ ወደ ቤይለር ዋና አሰልጣኝነት ሄደ፣ በምትኩ ቦ ፔሊኒ መጣ። በዚያ የደመራ ቅዳሜ ቡድኑ ተቀባዮቹን ሰው በሰው ለመያዝ ሞከረ፤ ማይክ ሊች የሚያሰለጥነው ሚሲሲፒ ስቴት ደግሞ ኳስ በመወርወር የሚኖር ቡድን ነበር። ልክ በሳምንቱ አርካንሶ ያንኑ ኮስቴሎን ገጠመ። ስምንት ሰው ወደኋላ እያፈገፈገ በዞን ጠበቀው፣ ሦስት ኳስ ጠለፈበት፣ 21 ለ 14 አሸነፈ። አርካንሶ ከኤል ኤስ ዩ የተሻሉ ኮርነርባኮች ነበሩት ብሎ የሚከራከር አላጋጠመኝም። አስተባባሪ የቀየረ ቡድን ካለ ክርክሩ ከተጫዋቾቹ ስም በፊት ከእሱ መጀመር አለበት፤ ያን ሰመር ግን ፔሊኒን ያነሳው ሰው አልነበረም።

ሁለቱን ዳር እኩል ማየት

«አንደኛው ኮርነርባካችን እገሌ፣ ሁለተኛው እገሌ» ብሎ ደረጃ መስጠት ለኮሌጅ ጨዋታ ብዙም አይሠራም። ምክንያቱ ሜዳው ላይ ተሰምሮ አለ። ኳሱ ጨዋታ የሚጀምርባቸው ሁለቱ የውስጥ መስመሮች በኮሌጅ ሜዳ በ40 ጫማ ይራራቃሉ፤ በኤን ኤፍ ኤል 18 ጫማ ተኩል ብቻ ነው። የሜዳው ስፋት 160 ጫማ ነውና ኳሱ አንዱ መስመር ላይ ሲቀመጥ በአንድ በኩል 60 ጫማ፣ በሌላው 100 ጫማ ይቀራል።

በሰፊው በኩል የሚቆመው ብዙ ሜዳ መሸፈን ስላለበት ፍጥነት ያስፈልገዋል። ኳሱም እስኪደርስ አየር ላይ ስለሚቆይ አይቶ ለመድረስ ጊዜ ያገኛል። በጠባቡ በኩል ያለው ግን ኳሱ በቅጽበት ነው የሚደርስበት። ብዙ አሰልጣኞች እዚያ በኩል የሴፍቲ እርዳታ ስለማይሰጡት ብቻውን ይታገላል፤ ኳስ ይዞ የሚሮጥ ሲመጣም ቀድሞ መግጠም የእሱ ሥራ ነው። ብዙ ቡድኖች ኮርነርባኮቻቸውን የሚመድቡት በግራና ቀኝ ሳይሆን በዚህ ነው። በሰፊው በኩል ጥሩ የነበረ ልጅ በጠባቡ በኩል ሲያቅተው ብታዩት አትደነቁ።

ሦስተኛውም አለ፤ ኒክል የሚባለው፣ መሐል ገባ ብሎ የሚቆመው። ዛሬ አጥቂዎች ሦስትና አራት ተቀባይ ስለሚያሰልፉ ኒክል ከተጠባባቂነት ወጥቶ ቋሚ ተሰላፊ ሆኗል። እሱ ግራም ቀኝም ይሮጥበታል፤ ዳሩ ላይ መስመሩ ያግዝሃል፣ መሐል ግን ምንም የለህም። ስለ ኒክል ሳይነሳ ያለቀ ክርክር ገና አላለቀም።

በኤን ኤፍ ኤል ሕግ ኮሌጅን መዳኘት

እሁድ የምናየውን ይዘን ቅዳሜን እንዳኛለን። በኤን ኤፍ ኤል ከ5 ያርድ በኋላ ተቀባዩን መንካት ክልክል ነው። በኮሌጅ እንዲህ ያለ ገደብ የለም፤ መያዝና መጎተት ባይፈቀድም ኳሱ እስኪወረወር ድረስ ከፊት ለፊት የሚመጣን ተቀባይ መግፋት ይቻላል። ኳሱ አየር ላይ እያለ ጥፋት ቢሠራ በኤን ኤፍ ኤል ኳሱ ጥፋቱ በተሠራበት ቦታ ይቀመጣል፣ 40 ያርድም ቢሆን። በኮሌጅ ቅጣቱ ከ15 ያርድ አይበልጥም። ስለዚህ የተሸነፈ የኮሌጅ ኮርነርባክ ታችዳውን ከሚገባበት ተቀባዩን ጎትቶ 15 ያርድ ቢከፍል አንዳንዴ ትክክለኛ ውሳኔ ነው፤ «በጥፋት የተሞላ» ብለን እንሰድበዋለን እንጂ። በሌላ በኩል በኮሌጅ ተቀባዩ አንድ እግሩን ብቻ ሜዳ ውስጥ ካሳረፈ ኳሱ ተያዘ ይባላል፤ በኤን ኤፍ ኤል ሁለት እግር ያስፈልጋል። ከዳር ለሚከላከል ልጅ ይህ ትልቅ ልዩነት ነው።

ኮከብ መቁጠር

ከሁለተኛ ደረጃ ሲመለመሉ የሚሰጣቸው የኮከብ ብዛት ክርክራችንን ይገዛዋል። በ2022 የኤን ኤፍ ኤል ምርጫ ስቲንግሊ ሦስተኛ ሆኖ ወደዚሁ ወደኛ ከተማ፣ ወደ ሂዩስተን ቴክሳንስ መጣ። ኮሌጅ ሲገባ አምስት ኮከብ ነበረው። ቀጥሎ አራተኛ የተመረጠው ሶስ ጋርድነር ከዲትሮይት ወጥቶ ሲንሲናቲ የገባ ባለ ሦስት ኮከብ ልጅ ነበር፤ በኮሌጅ ሦስት ዓመት ሲጫወት እሱ በሚጠብቀው ተቀባይ አንድም ታችዳውን አልተቆጠረበትም። በኤን ኤፍ ኤል ስመ ጥር ኮርነርባክ የነበረው ሪቻርድ ሸርማንማ ስታንፎርድ ውስጥ ለዓመታት ተቀባይ ነበር፤ ወደ ኮርነርባክነት የዞረው በኋላ ነው። ስሙን የማታውቁት ልጅ ከተቀባይነት የዞረ ከሆነ ቶሎ አትጣሉት፤ ተቀባዩ ምን እንደሚያስብ ያውቃል።

ተጫዋቾች ትምህርት ቤት ለመቀየር የሚመዘገቡበት፣ ከ2018 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው ትራንስፈር ፖርታል፣ በተለይ ከ2021 ወዲህ ተጫዋቾች ዓመት ሳይቀመጡ መሰለፍ ከጀመሩ በኋላ፣ ሌላ ስህተት አመጣ፦ የቀድሞ ትምህርት ቤቱን ቁጥር እንዳለ ይዞ መምጣት። እዚያ ስምንት ያርድ ርቆ በዞን ሲጠብቅ የነበረ ልጅ እዚህ ተቀባዩ አፍንጫ ሥር ቆሞ ሰው በሰው እንዲይዝ ከተፈለገ የድሮ ቁጥሩ ብዙም አይነግራችሁም።

የስፕሪንግ ጨዋታን ማመን

ቡድኑ ውድድሩ ሳይጀመር እርስ በርሱ የሚጫወተው ነው፤ ኳርተርባኩ መነካት የሌለበትን ማሊያ ለብሷል፣ አሰልጣኙ እቅዱን ደብቋል፣ ተቀባዩ ደግሞ ልጁ ለሳምንታት ልምምድ ላይ ያየው ጓደኛው ነው። ተዝናኑበት፣ ግን ለክርክር ማስረጃ አታድርጉት።

ግንባሩን መርሳት

ኳርተርባኩን የሚያሯሩጡት የፊት መስመር ልጆች ደካማ ከሆኑ የትኛውም ኮርነርባክ አያድናችሁም። ተቀባይን ለአምስት ሰከንድ መያዝ የሚችል ሰው አልተፈጠረም። የኋላው መስመር ዓምና ፈዞ ከነበረ መጀመሪያ ፊት ለፊቱን ተመልከቱ።

ሁለት ስም ጠርቶ ማቆም

የ2020ው ስህተታችን ይህ ነበር፤ ዛሬም ብዙ ሰው ሲሠራው እሰማለሁ። ውድድሩ የሚጀመረው በነሐሴ ሙቀት ነው፣ የኮርነርባክ ሥራ ደግሞ ሙሉ ፍጥነት መሮጥ ነው፤ ጡንቻ ይሸማቀቃል፣ ጉልበት ይጎዳል። ከ2013 ወዲህ ታርጌቲንግ የተባለው አደገኛ ግጭት የፈጸመ ተጫዋች ከጨዋታው ይባረራል፤ አንድ መጥፎ ታክል በሁለተኛው ሩብ ላይ ቢፈጸም ቀሪውን ጨዋታ ማን ይሞላዋል? ስቲንግሊ በ2021 የተጫወተው ሦስት ጨዋታ ብቻ ነው። የዚያን ዓመት ኤል ኤስ ዩን በትክክል ለመገመት የእሱን ስም ሳይሆን የተተኪዎቹን ስም ማወቅ ያስፈልግ ነበር።

አሁን በሥራ ቦታ ክርክር ሲጀመር ወረቀት አወጣለሁ። ሰፊው በኩል፣ ጠባቡ በኩል፣ ኒክል፤ ከዚያ አራተኛና አምስተኛ። በእያንዳንዱ ስም ጎን ባለፈው ዓመት በየትኛው አሰላለፍ ስንት ጨዋታ እንደጀመረ እንጽፋለን። ሦስቱ ስሞች ወዲያው ይሞላሉ። አራተኛው ላይ ስንደርስ ክፍሉ ጸጥ ይላል፣ ስልኮች ከኪስ ይወጣሉ፣ እውነተኛው ክርክር የሚጀመረውም ያኔ ነው።