ኤልመርን ስታስኬዱ ዓይናችሁ መጀመሪያ የት ይረፍ?

አንድን ሰው ደጋግማችሁ ከለካችሁት ልኬቶቹ ይመሳሰላሉ። ተራው ሪግሬሽን ግን እያንዳንዱን ረድፍ እንደ አዲስ ሰው ስለሚቆጥር ስታንዳርድ ኤረሩ (ግምቱ ምን ያህል ሊሳሳት እንደሚችል የሚያሳየው ቁጥር) ይዛባል። የጋራውን መስመርና ከሰው ሰው ያለውን ልዩነት አብሮ የሚገምት ድብልቅ ሞዴል የሚያስፈልገው ለዚህ ነው፤ ኤልመር (lmer) ይህን ሞዴል የሚያስኬድ ትእዛዝ ነው።

ለመለማመድ አር (R) በሚባለው የስታትስቲክስ ፕሮግራም ላይ ኤልመር ያለበትን ኤልኤምኢ4 (lme4) የሚባለውን ፓኬጅ ጫኑ። ስሊፕስተዲ የሚባል ዳታ አብሮት ይመጣል፦ እንቅልፍ የተቀነሰባቸው 18 ሰዎች ለ10 ቀን የምላሽ ጊዜያቸው በሚሊሰከንድ ተለክቷል፤ በድምሩ 180 ረድፍ። ቀመሩ ይህ ነው (እናንተ በላቲን ፊደል ትጽፉታላችሁ)፦

ሪአክሽን ~ ዴይስ + (ዴይስ | ሰብጀክት)

ሪአክሽን የምላሽ ጊዜው፣ ዴይስ ቀኑ፣ ሰብጀክት ሰውየው ነው። ከቅንፉ ውጭ ያለው የሁሉም የጋራ መስመር ነው። በቅንፉ ውስጥ ከዘንጓ (|) በስተግራ ከሰው ሰው የሚለያየው፣ በስተቀኝ ደግሞ ቡድኑ ይገባል። በስተግራ 1 ብቻ ከጻፋችሁ መነሻው (ቀኑ 0 ሲሆን ያለው ዋጋ) ብቻ ይለያያል፤ የቀኑ ለውጥ ለሁሉም እኩል ይሆናል።

ሰመሪው (የውጤቱ ማጠቃለያ) ሲወጣ ሰው ሁሉ የሚፈልገው ፒ ቫልዩ፣ ማለትም ውጤቱ በአጋጣሚ ሊመጣ ይችል እንደሆነ መመዘኛው ቁጥር ነው። ኤልኤምኢ4 ሆን ብሎ አይሰጥም፤ የፈለገ ኤልመርቴስት (lmerTest) የሚባለውን ፓኬጅ ይጫን። እኔ ግን መጀመሪያ የማየው የቡድኖቹን ቁጥር ነው። እዚህ 18 ይላል፤ ልክ ነው። አንድ ጊዜ 12 ክፍል፣ በየክፍሉ 30 ተማሪ ያለበት ዳታ ይዤ ነበር። ሞዴሉ 360 ተማሪ ማለት ሲገባው 30 አለኝ። በየክፍሉ ቁጥሩ ከ1 ስለሚጀምር አሥራ ሁለቱ «ቁጥር 7» ልጆች አንድ ልጅ ሆነው ቆይተዋል! ማስጠንቀቂያ የለ፣ ምን የለ። መፍትሔው ክፍልና ተማሪን በእዝባር ማያያዝ (1 | ክፍል/ተማሪ)፣ ወይም ከመነሻው ለእያንዳንዱ ልጅ የማይደገም መለያ መስጠት ነው።

ቁጥሩ ከተስማማ ወደ ውጤቱ። በስሊፕስተዲ መነሻው 251.4 ሚሊሰከንድ ነው፤ በየቀኑ 10.5 ሚሊሰከንድ ይጨምራል። የዚህ ጭማሪ ስታንዳርድ ዴቪዬሽን (ከአማካዩ የመራራቅ መጠን) ከሰው ሰው 5.9 ነው። እኔ የምወደው ይህቺን ቁጥር ነው፦ አንዱ ሰው ምንም ሳይሰማው ሲውል ሌላው በቀን ወደ 20 ሚሊሰከንድ ይዘገያል ማለት ነው። አማካዩ ብቻውን ይህን ይደብቃል።

«ሲንጉላር» የሚል መልእክት ከመጣ አንዱ ቫርያንስ (የልዩነት መጠን) ዜሮ ገብቷል፣ ወይም በመነሻውና በቀኑ ለውጥ መካከል ያለው ኮሪሌሽን (ዝምድና) 1 ወይም −1 ደርሷል፤ ለጠየቃችሁት ሁሉ ዳታው አልበቃም። ዘንጓን ሁለት (||) አድርጋችሁ መጀመሪያ ኮሪሌሽኑን አውጡት። ሞዴሉ አልገጥምም ብሎ የሚያስቸግር ከሆነ ግን በሺዎች የሚቆጠረውን ተለዋዋጭ ስኬል አድርጉት (ወደ ትንንሽ ቁጥር ቀይሩት)ና እንደገና አስኪዱ።